ዋጋው ያልተነገረበት ምክክር፦ የፌርቦርን የባሕር መከላከያ ጉዳይ ለጎንደር ሰው

ፌርቦርን በሰሜን ምዕራብ ዌልስ፣ የማውዳክ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከ400 በላይ ቤቶች አሏት። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ሊያርፉ የመጡ ናቸው። በ2014 መጀመሪያ (በፈረንጆቹ ነው፤ ከዚህ በኋላም የዌልሱና የእንግሊዙ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) እነዚህ ሰዎች አንድ ዜና ሰሙ። መንደራቸውን ከባሕር የሚጠብቀው መከላከያ ለዘለቄታው እየተጠገነ አይቀጥልም። በጥቂት አስርት ዓመታት ውስጥ ሰው ይነሣል። ይህን የነገራቸው የአካባቢው ምክር ቤት አልነበረም፤ ቴሌቪዥን ነው።

"ቀድሞ ሕዝቡ ተጠይቆ ነበር ወይ?" ብትሉ መልሱ "አዎ" ነው። ጉዳዩን አስገራሚ ያደረገውም ይኸው ነው።

ጎንደር ባሕር የላትም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር መከላከያ መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ውሃ ግን አለን። ከተማዋ የተቆረቆረችው በአንገረብና በቀሃ መሀል ነው። ሁለቱም ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይወርዳሉ። ታች ደምቢያ አለ። እዚያ ሜዳ ላይ ወንዙ ሲገነፍልና ሐይቁ ሲሞላ ውሃው መሄጃ የለውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደምቢያና ፎገራ ላይ የደረሰውን ጎርፍ፣ ሺዎች ከቤታቸው የወጡበትን፣ የሚያስታውስ ብዙ ነው። ከተማው ውስጥ ደግሞ ነገሩ ትንሽ ትንሽ ነው፤ ግን አያልቅም። ክረምት ገብቶ በወጣ ቁጥር ወንዝ ዳር ያለ አንድ የድጋፍ ግንብ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቦታ ጋቢዮን (በድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ይቦደሳል። ከዚያ ስብሰባ ይጠራል። ከዚያ መዋጮ።

የእኛም ሰፈር ግንብ ተሰንጥቋል። ኮሚቴው ስለ ጥገናው ነዋሪውን ሊያወያይ ሲዘጋጅ፣ እስቲ የሌላ አገር ልምድ አቅርብልን ተባልኩ። ያቀረብኩት ፌርቦርንን ነው። የሚከተለው ያኔ ያቀረብኩትና በውይይቱ የተነሣው ነው።

ረግረግ ላይ የቆመች መንደር

ፌርቦርንን የመሠረታት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዱቄት ነጋዴው አርተር ማክዱጋል ነው። ረግረግ መሬት ገዛ፤ ባሕሩን አገደ፤ የመዝናኛ መንደር አቋቋመ። የግንባታ ዕቃ የሚያመላልስ በፈረስ የሚጎተት ትንሽ ባቡር ዘረጋ። ያ ባቡር በኋላ በእንፋሎት እየሠራ የቱሪስት መስህብ ሆነ። እንግዲህ አፄ ፋሲል ከተማ ሲቆረቁሩ ኮረብታ መረጡ፣ ማክዱጋል ረግረግ መረጠ። ሁለቱም ለጊዜው ልክ ነበሩ ማለት ይቻላል።

መንደሯን የሚጠብቃት በባሕሩ በኩል ትልቅ የጠጠር ክምርና ግንብ፣ በወንዙ በኩል ደግሞ የአፈር ክትር ነው። ባሕሩ በጣም ሲሞላ የውሃው ከፍታ ከመንደሩ መንገዶች ይበልጣል። ከኋላ ተራራ አለ፤ ዝናብ ሲጥል ከዚያ ጎርፍ ይወርዳል። ከሥር ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው። ስለዚህ ስጋቱ ከአራት በኩል ነው፤ ከፊት ባሕር፣ ከጎን ወንዝ፣ ከኋላ ተራራ፣ ከሥር መሬቱ ራሱ። ግንቡን ብቻ ከፍ ማድረግ የማይበቃው ለዚህ ነው።

ዕቅዱ ሞኝነት አልነበረም

በእንግሊዝና በዌልስ የባሕር ዳርቻው ሁሉ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ዕቅድ ይወጣለታል። ለእያንዳንዱ ክፍል ከአራት አንዱ ይመረጣል። ወይ አሁን ያለው መከላከያ እንዳለ ይጠበቃል፤ ወይ ወደ ባሕሩ ይገፋል፤ ወይ በታሰበበት መንገድ ወደ ኋላ ይፈገፈጋል፤ ወይ ምንም አይደረግም። ምርጫው ደግሞ በሦስት ዘመን ይከፈላል። የፌርቦርን ዕጣ እንዲህ ወጣ፦ እስከ 2025 ይጠበቃል። ከዚያ እስከ 2055 ድረስ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ መከላከል ይቆማል። የአካባቢው የግዊኔድ ምክር ቤት ይህን ዕቅድ በ2013 ተቀበለ።

መሐንዲሶቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅሳቸውም። ስሌታቸው የተነሣው በመቶ ዓመት ውስጥ ባሕሩ ወደ 1 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል ከሚል ግምት ነው። ያን ለመቋቋም ግንቡን ከፍ፣ አሁንም ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ግንብ ከፍ ባለ ቁጥር ከኋላው ያለው ሰው የበለጠ የሚድን ይመስለዋል። አጭር ግንብ ውሃ ሲያፈስበት ወለል ያረጥባል፤ ምንጣፍ ያበላሻል። ረጅም ግንብ ከተደረመሰ ግን ከፊቱ የተጠራቀመው ውሃ ሁሉ በአንዴ ነው የሚመጣው፤ ሰው ይገድላል። ስለዚህ "ገንዘብ እስካለ እየጨመርን እንቀጥል" የሚለው ሐሳብ ገንዘቡ ቢኖር እንኳ አደጋ አለበት።

ታዲያ ስህተቱ የት ነው? ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ነበር። በሕጉ መሠረት የጎደለ ነገር አልነበረም። ችግሩ ሰነዱ ከደቡብ ምዕራብ ዌልስ እስከ ሰሜኑ ጫፍ ያለውን ዳርቻ በሙሉ የሚሸፍን ግዙፍ ጥናት መሆኑ ነው። ካርታ፣ ሠንጠረዥ፣ የባለሙያ ቋንቋ። አንዲት ጡረተኛ ያንን አገላብጣ "እዚህ ጋ ያለው የእኔ ቤት ነው፤ በዚህ ዓመት ጥበቃው ይቆማል" ብላ ታነባለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። አስተያየት ስጡ የተባለው ስለ ዳርቻው ፖሊሲ ነው። ስለ ቤቷ፣ ስለ ብድሯ፣ ስለ ካሳዋ የጠየቃት የለም።

ወረቀቱ ከውሃው ቀድሞ ደረሰ

የ2013 መጨረሻና የ2014 መጀመሪያ ክረምት በዌልስ ዳርቻ ከባድ ማዕበል የወረደበት ነበር። በአበሪስትዊዝ የባሕር ዳር መንገዱ ተጎድቷል፤ የዳርቻው የባቡር ሐዲድ ተቆርጧል። ሰው ሁሉ ዓይኑ ባሕሩ ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን ቢቢሲ ዌልስ የፌርቦርንን ዕቅድ በቴሌቪዥን አቀረበው። ጋዜጦች ተቀባበሉት። ነዋሪዎቹን "በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የአየር ንብረት ስደተኞች" እስከማለት ደረሱ።

ከዚያ የሆነው ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። ባሕሩ አንድም ቤት ሳይወስድ የቤት ዋጋ ወደቀ። ባንኮች ለዚያች መንደር የቤት ብድር መስጠት ተዉ። ቤት መሸጥ የሚችለው በእጁ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የመጣ ገዢ ያገኘ ብቻ ሆነ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው በዚያ ቤት ውስጥ ነው። ወደ ልጆቹ አጠገብ ልሂድ ቢል ሸጦ መሄድ አይችልም። ጎርፉ ሊመጣ የሚችለው ከ40 ዓመት በኋላ ነው፤ ጉዳቱ ግን ዛሬ ደረሰ።

ካሳስ? የለም። ይህን ስናገር ስብሰባው ላይ ጉርምርምታ ተነሣ፤ ፈረንጅ አገር ካሳ የለም ሲባል ያልገረመው አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ለመንገድ ወይም ለሌላ ሥራ ብሎ ቤትህን ከወሰደ ይከፍልሃል። እኛም ጋ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታው ለሚለቀቅበት ሰው ካሳና መልሶ ማቋቋም ያስቀምጣል። ቤትህን የወሰደው ውሃ ከሆነ ግን፣ እዚያ ከሣሽ እንጂ ተከሳሽ የለም። የ1949ኙ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሕግ ለአካባቢ ምክር ቤቶች የመከላከል ሥልጣን ይሰጣቸዋል፤ ግዴታ አይጥልባቸውም። በእንግሊዝ በኩል ዳርቻው እየተናደ ቤቱን ማፍረስ ላለበት ባለቤት ለማፍረሻው የሚሰጥ ድጎማ አለ፤ እሱም እስከ 6,000 ፓውንድ ነው። ለማፍረሻ ነው እንግዲህ፤ ለቤቱ አይደለም።

ገንዘቡ ከማን ኪስ?

መከላከያውን የሚንከባከበው በ2013 የተቋቋመው የዌልስ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ነው። ዕቅዱ በጸደቀበት ዓመት መሥሪያ ቤቱም አዲስ ነበር ማለት ነው። ገንዘቡ በዋናነት ከዌልስ መንግሥት ነው የሚመጣው። ነገሩን ያወሳሰበው ደግሞ በዚያው ሰሞን በወንዙ በኩል ያለውን ክትር ለማጠናከር በርካታ ሚሊዮን ፓውንድ መውጣቱ ነው። ነዋሪው ግራ ቢጋባ አይገርምም። ልትተዉን ከሆነ ለምን ታጠናክራላችሁ? ልታጠናክሩ ከሆነ ለምን ባንክ እንዲሸሸን አደረጋችሁ? መልሱ ቀላል ነበር፤ እስከተባለው ዓመት ሰው በሰላም እንዲኖር ነው። ግን ከሁሉ በፊት መነገር የነበረበት መልስ ነው።

እንግሊዝ ደግሞ በ2011 ሌላ አሠራር አምጥታ ነበር። መንግሥት የሚሰጠው ድርሻ ሥራው በሚያድናቸው ቤቶችና በሚያስገኘው ጥቅም ይሰላ ነበር። የጎደለውን አካባቢው ከሌላ ቦታ ይፈልግ ነበር። ጥሩ ይመስላል፤ ሀብታም ጎረቤት ላለው። በኖርፎክ ባክተን የሚባል ቦታ ትልቅ የጋዝ ማስተላለፊያ ጣቢያ አለ። በ2019 እዚያ ዳርቻ ላይ 1.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ፈሰሰ። ከወጪው አብዛኛውን የሸፈኑት የጋዝ ኩባንያዎቹ ናቸው። አጠገቡ ያሉት መንደሮችም በዚያው ተጠቀሙ። ፌርቦርን የጋዝ ጣቢያ የላትም። ያላት የቱሪስት ባቡርና ጡረተኞች ናቸው። 400 ቤት ቢያዋጣስ? አንድ ዓመት ሊያዋጣ ይችላል። ማለቂያ ለሌለው ግንብ ግን መዋጮ አይበቃም።

ከዜናው በኋላ

ነዋሪዎቹ ዝም አላሉም። የራሳቸውን ኅብረት አቋቋሙ፤ ማስረጃው ይጣራ ብለው ተሟገቱ፤ የተባለውን ዓመት ተቃወሙ። በባለሥልጣናቱ በኩልም ምክር ቤቱ፣ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱና የመንደሩ ተወካዮች አንድ ላይ የሚሠሩበት መድረክ ተቋቋመ። ስብሰባ ተደረገ፤ ለመንደሩ ብቻ የተዘጋጀ ሰነድ ወጣ፤ መንደሩ የሚለቀቅበት ዓመት ተብሎም 2054 እየተደጋገመ ተጠቀሰ። ይህ ሁሉ ሥራ ከ2013 በፊት ቢሆን ኖሮ መልካም ምክክር ይባል ነበር። ከዜናው በኋላ ሲመጣ ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ በሽተኛው እንዴት ነው እንደማለት ሆነ።

ባለሥልጣናቱን ወክዬ ልከራከር እችላለሁ። እውነቱን ቢደብቁ ይሻል ነበር? አይሻልም። ቤት የሚገዛ ወጣት ሳያውቅ ገብቶ ይቃጠላል። እነሱ ዓመቱን በይፋ መናገራቸው የሚያስመሰግን ነው። ግን ዓመት ብቻ መናገር ግማሽ እውነት ነው። ሰው የት ይሄዳል፣ በማን ገንዘብ፣ እስከዚያ ቤቱን መሸጥ የፈለገ ማን ይገዛዋል? እነዚህ ሳይመለሱ ዓመቱ ብቻውን ወጣ። ባንክ የሚያነበው ያንን ዓመት ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። "ማስተር ፕላኑ ላይ ወንዝ ዳሩ አረንጓዴ ሆኗል" የሚል ወሬ አንድ ሰፈር ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ደላላው ስልክ አያነሣም። ካርታ ያለው ሰው ካርታውን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። ሊያድስ ያሰበ ቆርቆሮውን መቀየር ይተዋል። የተወሰነ ነገር ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም፤ ሰፈሩ ግን መሞት ይጀምራል።

ሰፈራችን ምን አለ?

ማቅረቡን ስጨርስ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። "ልጄ፣ እነዚያስ ሐሳብ ተጠየቁ። እኛ የምንጠየቀው ገንዘብ ነው" አሉ። ተሳቀ። እኔ ግን ይህን ቀድሜ ባስበው ብዬ ተመኘሁ። ፌርቦርን ላይ ሐሳብ ተጠይቆ ዋጋው አልተነገረም። እኛ ጋ ዋጋው ይነገራል፤ ሐሳብ አይጠየቅም። በሁለቱም በኩል ሰው ሙሉ ሥዕሉን ሳያይ ነው ፈርም የሚባለው።

መዋጮ አዲስ ነገር አይደለም። የኮብልስቶን መንገድ ሲነጠፍ ሰው በደስታ ያዋጣበት ጊዜ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድንጋዩ የሚነጠፈው በርህ ላይ ነው። ሠርግ ሲኖርህ መኪና ይገባል። የወንዝ ዳር ግንብ ግን እንደዚያ አይደለም። ጥቅሙ የሚታየው ከወንዙ ጋር ለሚዋሰነው ቤት ነው። ከላይ ያለው ምን ቤቴ ይላል።

እዚህ ላይ ክርክሩ ጋለ። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ከላይ ያሉት ሰፈሮች ጣሪያቸውና አስፋልታቸው ውሃውን ሁሉ ወደ ታች እንደሚልከው አስረዳ። የተዘጋው ቱቦም የእነሱ ቆሻሻ ነው አለ። ከላይ ያለው ውሃውን ይልካል፣ ከታች ያለው መዋጮውን ይከፍላል። ይህ ፍትሕ ነው ወይ? ከላይኛው ሰፈር የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩና ወዲያው መለሱለት፤ እናንተ ወንዝ ዳር ቤት የሠራችሁት ማን አስገድዷችሁ ነው? ፌርቦርን ላይም ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል፤ ረግረግ ላይ ለምን ገዛችሁ ተብለዋል። ጥያቄው ጨካኝ ነው፤ ግን መልስ አለው። ሲገዙ የሸጠላቸው፣ የፈቀደላቸው፣ ግብር የሰበሰበባቸው አካል ነበር።

ተከራዮችም ነበሩ። አንዷ "እኔ ነገ ብለቅ ግንቡን ተሸክሜ አልሄድም" አለች። እውነቷን ነው። ግን ጎርፍ ቢመጣ ታች ክፍል የምትተኛው እሷ ናት፤ አከራዩ ሌላ ሰፈር ነው። በስብሰባ ሲጠራ ግን የሚጠራው ባለ ካርታው ነው። እኔ በግሌ ተከራይ ድምፅ ይስጥ፣ ባለቤት ይክፈል ባይ ነኝ። ብዙዎቹ አልተስማሙም።

ከሁሉ የበለጠውን ጥያቄ የጠየቁት እንጀራ የሚሸጡ እናት ናቸው። "ይሄ ግንብ ተሠርቶ እስከ መቼ ነው የሚቆየው?" ማንም አልመለሰም። አንድ ወጣት የሲቪል መሐንዲስ ነበር፤ እሱን አየነው። ትንሽ አሰበና "እማማ፣ ግንቡን ራሱን ካዩት አይሳሳቱም፣ ጠንካራ ነው። የሚጥለው ከሥር ነው" አላቸው። ከዚያ አስረዳ። ወንዙ ሲሞላ የግንቡን እግር ይቦረቡረዋል። ከኋላ ደግሞ የዝናብ ውሃ አፈሩ ውስጥ ይጠራቀምና ግንቡን ይገፋዋል። ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ካልተተወለት፣ ወይም ቀዳዳው ከተደፈነ፣ የቱንም ያህል ሲሚንቶ ቢጨመር ይሰነጠቃል። ጋቢዮን ውሃ ያሳልፋል፤ ግን ሽቦው ይዝጋል። ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን ቀለም ከመቀባት አይሻልም፤ መሠረቱ ካልታየ በሁለተኛው ክረምት እንመለሳለን።

እናትየው አዳምጠው ሲጨርሱ "እንግዲያስ ለሁለት ክረምት ነው የማዋጣው?" አሉ።

ምን ተለወጠ?

ኮሚቴው የስብሰባ ጥሪውን እንደገና ጻፈው። የድሮው ጥሪ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ብቻ ነበር፤ አጀንዳው "ስለ ልማት"። አዲሱ ላይ የሥራው ዓይነት፣ ግምቱ፣ ከከተማው ይጠበቃል የሚባለው ድርሻ፣ ግንቡ ከተሠራ በኋላ ቀዳዳውን የሚያጸዳው ማን እንደሆነና ባይሠራ ምን ሊመጣ እንደሚችል ይጻፋል። ጥሪው ለላይኛውም ሰፈር ይደርሳል፤ ለተከራዮችም። ሰዓቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ በሥራ ቀን የሚጠራ ስብሰባ የሚሞላው በጡረተኛ ብቻ ስለሆነ።

ሁሉም አልተደሰተም። ገንዘብ ያዡ ይህ ሁሉ ከተነገረ ሰው አያዋጣም ባይ ናቸው። "ጥያቄ ስታበዛ ኪስ ይዘጋል" አሉኝ፤ ብዙ መዋጮ ሰብስበው ያዩ ሰው ስለሆኑ ቃላቸውን ንቄ አላልፍም። ምናልባት መጀመሪያ ላይ የሚሰበሰበው ያንስ ይሆናል። እኔ የምፈራው ሁለተኛውን መዋጮ ነው። ግንቡ ዘላቂ ነው ብሎ ያዋጣ ሰው ከሁለት ክረምት በኋላ ሲሰነጠቅ ካየ፣ ለሁለተኛው ጥሪ በሩን አይከፍትም። ፌርቦርን ላይም የነዋሪውና የባለሥልጣኑ መተማመን አንዴ ከተበጠሰ በኋላ፣ የተሻሻለው ሰነድ ሁሉ በጥርጣሬ ነው የተነበበው።

ፌርቦርን ዛሬም ሰው ይኖርባታል። የመጀመሪያው ዘመን፣ እስከ 2025 ያለው፣ አብቅቷል። እኛ ጋ ደግሞ ወጣቱ መሐንዲስ የግንቡን እግር አስቆፍሮ ሊያይ ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ የእሱ ግምት ሳይመጣ ደረሰኝ አይቆረጥም ተብሎ ተጽፏል። ገንዘብ ያዡ እስካሁን አልፈረሙም።